የወረቀቱ ጀርባ

ማመልከቻው ኪሴ ውስጥ ነው፣ ከመቀስና ከፕላስተር ጋራ፤
አራት ላይ ታጥፎ፣ ላቤን ጠጥቶ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ አብሮኝ ሠራ።
«ለሰው ሀብት አስተዳደር። ጉዳዩ፦ ሥራ መልቀቅን ይመለከታል።»
ከዚያ በታች ያለውን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ እጄ ግን ለመስጠት ይለግማል።
ከፍራንኮ በባጃጅ ስመጣ፣ አቧራው ከነፋሱ ጋር ሲጋፋ፣
ዛሬስ እሰጣለሁ አልኩ፤ በሩ ጋ ስደርስ ቃሌ ጠፋ።

ኬሪያ ሪያድ ገባች፤ ድምፅ ትልካለች፦ «ነይ እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?
እዚህ ለአንድ ነርስ አራት አልጋ ነው፤ አንቺ ስንት ትይዣለሽ?»
ሃያ ስድስት ብዬ አልጽፍላትም፤ ቁጥሩን ራሷ ታውቀዋለች፤
ሁለቱን ወለል ላይ አብረን ነበር የምናነጥፈው፤ ወይስ ረስታለች?

ግርማቸው ጋውኑን ሰቅሎ ቤት ያሻሽጣል፤
በአንድ ኮሚሽን የእኔን ዓመት በኪሱ ይዞ ይወጣል።
ሲያገኘኝ ግን ስለ አልጋ ሰባት ይጠይቀኛል፣ ቀድሞ፦
«የዚያ የወንጂው ሰውዬ እግር ዳነለት?» ይለኛል፣ ቆሞ።
ተቆረጠ ስለው ዝም አለ፤ የሻዩን ሒሳብ ሳይከፍል ተነሣ፤
ሒሳብ የሚረሳ ደላላ ያኔ አየሁ፤ ሌላውን ግን አልረሳ።

እናቴ ደግሞ ለጎረቤት «ልጄ ዶክተር ናት» ትላለች፤
ነርስ ነኝ ስላት «ያው አይደል፣ መርፌ ይዘሽ» ትለኛለች።

ሌሊት ስምንት ሰዓት። የአዳማ ሙቀት ገና ከግድግዳው አልወጣ፤
መብራት ሁለቴ ሄዶ፣ ሁለቴ ተመልሶ መጣ።
በመስኮት፣ ከኮረብታው ላይ፣ የነፋስ ኃይል ምሰሶዎቹ ቀይ ዐይን፣
ብልጭ ይላል፣ ይከደናል፤ ይቆጥራል መሰለኝ እኛን።
የጅቡቲ መንገድ በዚህ ሰዓት ድርሻችንን ይልካል፤
አንዴ ጎማ ነው፣ አንዴ እንቅልፍ፤ ደሙ ግን ይመሳሰላል።

ሹፌሩን ረዳቱ አዝሎት ገባ፤ ልጁ ራሱ ገና ለጋ፤
«ሲስተር» ይለኛል በየደቂቃው፣ ስሜን ሳይጠይቅ እስኪነጋ።
ሐኪሙ ቀዶ ጥገና ላይ ነው፤ ክፍሉን የያዝነው ሁለት ነን፤
ጓንት አለ፤ ግሉኮስም አለ፣ ከማዋለጃ ከተበደርን።
ግፊቱ ወረደ፤ በየሩብ ሰዓቱ ይመዝገብ ተባለ፤
መሳቢያውን ሳብኩ፤ ቅጹ አልቋል፤ የተቀደደ ካርቶን ብቻ አለ።

ያኔ እጄ ኪሴ ገባ፤ እኔን አላማከረኝም፤
ማመልከቻውን ገልብጦ ዘረጋው፤ ጀርባው ነጭ ነው፣ መስመር የለውም።
ግፊት፣ የልብ ምት፣ ትንፋሽ፣ ሽንት ብዬ በመቀስ ጠርዝ አሰመርኩ፤
ሰዓቱን በግራ አድርጌ፣ እንደ ተማሪ ቁልቁል ጀመርኩ።

ስምንት ከሩብ፦ ሰባ በአርባ።
ልጁ ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ ፈርቶ ሊገባ።
ስምንት ተኩል፦ ሰማንያ በሃምሳ።
ደም የሚሰጥ ሲጠፋ፣ ዘበኛው እጅጌውን ሰብስቦ ተነሣ።
ዘጠኝ ሰዓት፦ ዘጠና በስልሳ፤ ሽንት፣ ጥቂት።
እራቴን አስታወስኩ፦ ግማሽ ብስኩት።

ዘጠኝ ተኩል፦ መቶ በስልሳ፤ አላመንኩም፣ ሁለቴ ለካሁት፤
በእጄ ያለውን ነገር ያኔ ነው ልብ ብዬ ያየሁት፦
ባትሪው በወረቀቱ ሲያሳልፍ፣ ከቁጥሮቹ ሥር ተገልብጦ፣
«በራሴ ፈቃድ» የሚለው ይታያል፣ ወደ ግራ ዞሮ፣ አፍጥጦ።

ሲነጋ ለቀን ተረኛዋ አስረከብኩ፤
«አልጋ አራት፣ ግፊቱ ቆሟል» አልኩ፤ ስለ ጀርባው ምንም አላልኩ።
ካርዱ ላይ ስቴፕል አደረገችው፣ በሁለት ምት፤
እንግዲህ ማኅደር ክፍል ይቀመጣል፣ ከእሱ ስብራት ጋር የእኔ ስንብት።
ልጁ አግዳሚው ላይ ተኝቷል፤ ጫማው አሁንም በር ላይ ነው፤
ስሜን ሳይጠይቅ ነጋ፤ የእሱንም አልጠየቅኩት፤ ሚዛኑ እኩል ነው።

ይህን ስነግራችሁ፣ ቆየሁ ያልኩ አድርጋችሁ አትስሙኝ፤
ሰው ስለተረፈ «ጥሪ ነው» ብላችሁ አትሸንግሉኝ።
ጥሪ ኪራይ አይከፍልም፤ ያበጠ እግር አያሽም፤
የትርፍ ሰዓታችን አምስት ወሩ፤ «በጀት» ከሚል ቃል በቀር መልስ የለም።

ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት፣ የፎቶ ኮፒ ቤቷ ሴት መዝጊያዋን ስትገፋ፣
ነፋሱ የትናንቱን አቧራ ከአስፋልቱ ጠርጎ ደጇ ላይ ሲደፋ፣
«ነጭ ወረቀት ነው? ስንት ልስጥሽ?» አለች፣ ዐይኗን ሳትነቅል ከስልኳ፤
አንድ ልላት አፌን ከፈትኩ።
ሁለት ብያታለሁ ለካ።